ሳይቃጠል በቅጠል
ስለ ጓሮ ዛፎች የቅጠል ሕመም፥ ምልክቱና መድኃኒቱ

ቅጠል የዛፍ ፊት ነው። ሰው በታመመ ጊዜ ፊቱ እንደሚገረጣ፥ ዛፍም ሕመም ባደረበት ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው በቅጠሉ ነው። ነገር ግን የሰው ፊት ሲገረጣ ሐኪም እንፈልጋለን፤ የዛፍ ቅጠል ሲገረጣ ግን ብዙዎቻችን ወይ ዝም እንላለን፥ ወይ መጥረቢያ እናነሣለን፥ ወይም ጎረቤት እንጠረጥራለን። ከሦስቱም አንዱ መድኃኒት አይደለም።

ለዚህ ዐምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከደቡብ ጎንደር፥ ከደራ ወረዳ፥ ከአንበሳሜ ከተማ የተጻፈ ነው። የጻፉልን ስማቸው እንዳይወጣ የለመኑ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። በጓሯቸው ከእናታቸው የወረሱት ዐሥራ ሁለት እግር ቡናና ሁለት የሎሚ ዛፍ አላቸው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የቡናው ቅጠል ቢጫ ነጠብጣብ እያወጣ ይረግፋል፤ ሎሚውም ጥላሸት የተቀባ መስሏል። የሠፈሩ ሰው ግማሹ «ዐይን ነው» ይላቸዋል፤ ግማሹም የጎረቤታቸውን ስም ጠርቶ «እርሱ ነው ሌሊት አንዳች ነገር ያፈሰሰበት» ይላል። ወይዘሮዪቱም በደብዳቤያቸው መጨረሻ፥ «ጎረቤቴን በዳኛ ፊት ላቁመው ወይስ ቡናውን ከሥሩ አስነቅዬ ባሕር ዛፍ ልትከልበት?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፥ ተከሳሹ ከመጠራቱ በፊት በደሉ መመርመር እንዳለበት ነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። ስለዚህ ለወይዘሮዪቱም፥ እንደ እርሳቸው ያለ ችግር ለደረሰባቸው ሌሎች አንባብያንም ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ቅጠል ለዛፍ ምኑ ነው ቢሉ፥ ማድ ቤቱ ነው። ሥር ከመሬት ውኃና ጨው ያወጣል፤ ቅጠልም ከአየር ያገኘውን በፀሓይ ብርሃን ኃይል ከዚያ ጋር አዋሕዶ የዛፉን ምግብ ያበስላል። ማድ ቤቱ የተቃጠለበት ቤት ለጊዜው ከጎተራው እየበላ ይኖራል፤ ጎተራው ሲራቆት ግን ቤቱ ይራባል። ዛፍም እንዲሁ ነው፤ አንድ ክረምት ቅጠሉ ቢረግፍበት አይሞትም፥ በየዓመቱ ቢረግፍበት ግን ፍሬው ያንሳል፥ ቅርንጫፉ ይደርቃል፥ በመጨረሻም ይጠፋል።

ይህም ነገር የጓሮ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ አገር የድንች ቅጠል መጥቆር ጀመረ። ሕዝቡ ኑሮውን ሁሉ በዚያ በአንድ ተክል ላይ ጥሎ ስለ ነበር፥ በተከታዮቹ ዓመታት በረሃቡና ረሃቡ ባመጣው በሽታ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ሰው አለቀ፤ ሌላውም ብዙ ሕዝብ አገሩን ጥሎ በባሕር ተሰደደ። በጊዜው አንዳንዱ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፥ አንዳንዱም ክፉ አየር ነው ሲል፥ በኋላ ሊቃውንቱ መርምረው ምክንያቱ በዐይን የማይታይ ጥቃቅን ሻጋታ መሰል ነፍሳት እንደ ሆነ አስረዱ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የጓሮ ዛፍ ሕመም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች «የአድባር ዛፍ» ስላሉት ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በእኛ ደጋ በተፈጥሮው አይበቅልም፤ የእኛ አድባር ዋርካው፥ ሾላውና ወይራው ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1907 በፈረንሳይ አገር በዚያ ዛፍ ቅጠል ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ። የዚያ ዛፍ ሐኪሞች የሚከተሉት የምርመራ ሥርዐትና በአንበሳሜ ጓሮ ለቡናና ለሎሚ የሚያስፈልገው ሥርዐት አንድ ነው። የዛፉ ስም ይለያያል እንጂ የሕመሙ ሕግ አይለያይም።

ምርመራው እንዴት ነው ቢሉ፥ ቅጠሉን ምስክር አድርጎ አምስት ጥያቄ መጠየቅ ነው።

አንደኛ፤ የታመመው አንድ ዓይነት ዛፍ ነው ወይስ ልዩ ልዩ ዓይነት? የቡና ዋግ ሎሚን አይዝም፤ የሎሚም ነጠብጣብ ቡናን አይዝም። ስለዚህ ቡናው፥ ሎሚው፥ ኮኩና ጌሾው በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ምልክት ካሳዩ፥ ነገሩ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ከአፈሩ፥ ከውኃው፥ ከውርጩ ወይም ከተረጨ መድኃኒት የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፤ የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ለጋው? ሦስተኛ፤ ምልክቱ በቅጠሉ ላይ ነው ወይስ በታች? ብዙ ሰው ቅጠሉን ከላይ ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ የበሽታው ማስረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ሆድ ነው የሚገኘው። አራተኛ፤ ነጠብጣቡ ምን መልክ አለው? ክብ ነው ወይስ በጅማት የተወሰነ? ዳሩ ቢጫ ቀለበት አለው? በጣት ሲነኩት ዱቄት ይለቃል? አምስተኛ፤ መቼ ጀመረ፥ ወዴትስ ሄደ? ተላላፊ በሽታ ከአንድ ዛፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይስፋፋል፤ በአንድ ሌሊት ሁሉን የመታ ግን ውርጭ ወይም መርዝ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ አጉሊ መነጽር፥ ነጭ ወረቀትና እርሳስ። የታመመውን ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ አራግፎ የሚወድቀውን ዱቄት ወይም ተባይ ማየት፥ ቀኑንም መጻፍ ይበቃል። የተጻፈ ነገር ከማስታወስ ይበልጣልና።

አሁን ምስክሩ የሚሰጠውን ቃል በየተራው እንስማ።

በሽታ ያልሆነ ነገር አለ። የብሳና ቅጠል ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ መልክ ይይዛል፤ ይህ ጠባዩ ነው፤ የማያውቅ ሰው ግን ታመመ ብሎ ይደነግጣል። የማንኛውም ዛፍ አሮጌ ቅጠል ዘመኑን ሲጨርስ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። አዲሱ ለምለም ሆኖ አሮጌው ጥቂት ጥቂት ቢረግፍ የሚያሳስብ አይደለም።

ረሃብ አለ። አሮጌው ቅጠል ከዳር እስከ ዳር በአንድነት ገርጥቶ ዛፉ ማደጉን ካቆመ፥ አፈሩ ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ አንሶታል፤ መድኃኒቱም የበሰበሰ ፍግ ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የብረት ጨው ማነስ ነው፤ ይህም በሎሚና በብርቱካን ብዙ ጊዜ ይታያል። በአሮጌው ቅጠል ላይ ቢጫው ከዳር ገብቶ በግንጩ በኩል አረንጓዴው እንደ ጦር ጫፍ ከቀረ፥ ማግኒዚየም የሚባለው አንሷል።

ጥማትና ጥጋብም አሉ። ሥሩ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ የቆመ ዛፍ፥ በውኃ መካከል ሳለ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳልና፥ አየር ሲያጣ ይበሰብሳል። በደራና በፎገራ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ይህ ጥፋት ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ መድኃኒት ቢረጩት ከንቱ ድካም ነው፤ ቦይ ቀድዶ ውኃውን ማሳለፍ ይበቃዋል።

መርዝም አለ፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት በነፋስ ተወስዶ ወደ ጓሮ ሲገባ፥ ለጋው ቅጠል ይጠማዘዛል፥ እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል፥ ወይም እንደ ጥብጣብ ይቀጥናል። ይህ ምልክት በአንድ ጊዜ በልዩ ልዩ ዓይነት ተክል ላይ፥ ይልቁንም በእርሻው ፊት ለፊት ባለው ወገን ከታየ፥ በዚያ ጊዜ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ቢጫ ነጠብጣብና ብርቱካንማ ዱቄት ግን የዚህ ምልክት አይደለም።

ተባይም አለ። የወይዘሮዪቱ ሎሚ «ጥላሸት የተቀባ መስሏል» ማለታቸውን ልብ እንበል። ክሽክሽ፥ ነጭ ዝንብና ቅርፊት የመሰለው ተባይ የቅጠሉን ጭማቂ ይመጣሉ፤ ከጠገቡም በኋላ ጣፋጭ ፈሳሽ ይጥላሉ። በዚያ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጥላሸቱ ቅጠሉን ራሱን አይበላም፤ ነገር ግን ብርሃን ይከለክለዋል። ጉንዳኖችም ያን ጣፋጭ ስለሚወዱ ተባዩን እንደ ከብት ይጠብቁታል፤ ጠላቶቹንም ያባርሩለታል። ስለዚህ በግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ያየ ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ የቅጠሉን ሆድ ይመርምር። ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ከለቀቀ ነገሩ ይኸው ነው። ለማንጎም እንዲሁ ያለ ጠላት መጥቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መኖሩ የታወቀው ነጭ ቅርፊት መሰል ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተስፋፍቷል፤ በተቀመጠበትም ቦታ ሁሉ ቅጠሉን ቢጫ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እውነተኛው የቅጠል በሽታ እንመጣለን።

የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው እንዲህ ይታወቃል። በመጀመሪያ በቅጠሉ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል የፈዘዘ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። ቅጠሉን ሲገለብጡት በዚያው ነጠብጣብ ትይዩ በርበሬና እርድ የተቀላቀለ የሚመስል ብርቱካንማ ዱቄት ይገኛል፤ በጣት ሲነኩት ይለቃል። ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ፥ መካከላቸው ይደርቃል፥ ቅጠሉም ያለ ጊዜው ይረግፋል። ያ ዱቄት የበሽታው ዘር ነው። በቅጠሉ ሆድ ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚገባው ግን ቅጠሉ በዝናብ ወይም በጤዛ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። ከገባም በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ተደብቆ ቆይቶ አዲስ ዱቄት ያወጣል። በክረምት የሚበረታው ስለዚህ ነው። የሚተላለፈውም በዝናብ ፍንጣቂ፥ በነፋስ፥ በለቃሚው እጅና ልብስ ነው። የሰው ዐይን በመካከሉ ሥራ የለውም።

ጉዳቱ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ነው። ቡና ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነውና፥ ዘንድሮ ቅጠሉ የረገፈ ቡና ለከርሞ የሚያፈራበትን ቅርንጫፍ ሳያሳድግ ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ ፍሬው ደኅና ነው ብሎ ቸል ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይጸጸታል።

ይህ በሽታ በዓለም ታሪክ ትልቅ ጥፋት አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1869 በሴሎን ደሴት፥ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው አገር፥ ታይቶ በሳይንስ ስም ተሰጠው። እንግሊዞች በዚያ አገር ተራራውን ሁሉ በቡና ብቻ ሸፍነውት ነበር። ማርሻል ዋርድ የተባለ ወጣት ሊቅ ከ1880 እስከ 1882 በደሴቱ ተቀምጦ፥ በሽታው እንዴት ወደ ቅጠሉ እንደሚገባና በነፋስ እንዴት እንደሚጓዝ መረመረ፤ ነገር ግን በጊዜው የሚገታው አልተገኘም፤ ቡናው ጠፋ፥ ሴሎንም ወደ ሻይ ዞረች። በ1970 ደግሞ በሽታው ባሕሩን ተሻግሮ በብራዚል ታየ።

ታዲያ የቡና መገኛ የሆነችው አገራችን እንዴት ተረፈች ቢሉ፥ መልሱ ለጓሮ ባለቤት ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። በጫካችን ቡና የሚበቅለው ከሌላ ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ፥ ጥላ አግኝቶ፥ ዘሩም ልዩ ልዩ ሆኖ ነው። ዋጉ አለ፤ ነገር ግን ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ሲሄድ የማይቀበለው ዛፍ መካከል እየገባ ያግደዋል። ደግሞም ዋጉን ራሱን የሚበላ ነጭ ሻጋታ በጫካው ውስጥ ይኖራል፤ በብርቱካንማው ዱቄት ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ወዳጅ እንደ መጣለት ይወቅ። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዋንዛውና ብሳናው ተቀላቅለው ለዘመናት የቆዩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው መቀላቀላቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጎንደር ከሩቅ ስትታይ በየቤቱ ደጃፍ ከተተከለው ዋንዛ የተነሣ ደን ትመስል እንደ ነበር ጽፏል። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በአዊ ታይቷል፤ ለከሰል ሲባል አገሩ ሁሉ ዲከረንስ በተባለው በአንድ ዓይነት ዛፍ ከተሸፈነ በኋላ፥ በቅርብ ዓመታት የዋግ በሽታ ገብቶ የብዙ ገበሬ ሀብት አጥፍቷል። ስለዚህ ወይዘሮዪቱ ቡናውን ነቅለው በባሕር ዛፍ ብቻ ለመተካት ያሰቡትን ቢተዉ መልካም ነው።

የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ነጠብጣብ የሚባለው ሌላ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ከአንጎላና ከሞዛምቢክ የተገለጸ ሲሆን፥ በአገራችንም የብርቱካንን አትክልት ክፉኛ ጎድቷል። ምልክቱ ክብ ነጠብጣብ ነው፤ መካከሉ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ፥ ዳሩ ጠቆር ያለ፥ ዙሪያውም ቢጫ ቀለበት የከበበው። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ፍሬውም ላይ ይወጣና ገበያ የማያወጣው ያደርገዋል። ይህ እንደ ጥላሸቱ በጨርቅ ሲጠርጉት አይለቅም፤ ልዩነቱም በዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንለፍ። ሕክምናው አራት ደረጃ አለው፤ መድኃኒት መርጨት ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ፊተኛው ንጽሕና ነው። የረገፈውንና በዛፉ ላይ የቀረውን ክፉኛ የታመመ ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ወይም አርቆ በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል። ይህም ቅጠሉ ደርቆ ሳለ እንጂ በዝናብና በጤዛ ጊዜ አይደረግ፤ በእርጥብ ቅጠል መካከል የሚመላለስ ሰው ራሱ በሽታውን ይዘራልና። ከታመመ ጓሮ ችግኝ፥ ቅጠልም ሆነ ፍሬ ወደ ሌላ ጓሮ አይወሰድ። መቁረጫውም ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በአልኮል ወይም በበረኪና ውኃ ይጠረግ።

ሁለተኛው አየር መስጠት ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፥ በጥርና በየካቲት፥ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ መግረዝ፥ የጥላውንም ዛፍ ማሳሳት ይገባል። ጥላ ጨርሶ ይጥፋ ማለት አይደለም፤ ነፋስ ይግባ፥ ቅጠሉ ቶሎ ይድረቅ ማለት ነው። ቅጠሉ ቶሎ ከደረቀ የበሽታው ዘር መግቢያ ጊዜ ያጣል።

ሦስተኛው መመገብ ነው። በክረምት መግቢያ የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጎ በቅርንጫፉ ጥላ ልክ ዙሪያውን ማልበስ፥ በበጋም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ ውኃ አለማፍሰስ። የጠገበ ዛፍ የረገፈበትን ቅጠል ቶሎ ይተካል።

ለሎሚው ጥላሸት እስከዚህ ድረስ ከተደረገው ሌላ የሚያስፈልገው በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፥ ፀሓይ ከበረደ በኋላ የቅጠሉን ሆድ ማጠብ፥ በየሳምንቱም ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። ጉንዳኑም ግንዱን እንዳይወጣ መከልከል አለበት። የጉንዳን ዘበኛ ያጣ ተባይ በሌሎች ነፍሳት ይበላል።

አራተኛው የመዳብ መድኃኒት ነው። አመጣጡ ለፍርድ ቤት ሰው የሚያስቅ ነው። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አካባቢ የወይን ባለቤቶች፥ መንገደኛ ፍሬውን እየሰረቀ ቢያስቸግራቸው፥ መርዝ የነካው እንዲመስል በመንገድ ዳር ያለውን ወይን መዳብና ኖራ በጥብጠው ይረጩት ነበር። በ1882 ፒየር ሚላርዴ የተባሉ የቦርዶ መምህር በዚያ ሲያልፉ፥ ሌላው ወይን ሁሉ በበሽታ ቅጠሉ ሲረግፍ በመንገድ ዳር ያለው ብቻ ለምልሞ አዩ። መርምረውም በ1885 ለዓለም አስታወቁ። ለሌባ የተዘጋጀው ማስፈራሪያ ለቅጠል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም የቦርዶ ድብልቅ ይባላል።

አዘገጃጀቱ ይህ ነው። ለዐሥር ሊትር፥ የመዳብ ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ ጨው 100 ግራም በአምስት ሊትር ውኃ ማሟሟት፤ በሌላ ዕቃ 100 ግራም የተፈታ ኖራ በአምስት ሊትር ውኃ መበጥበጥ፤ ከዚያም የመዳቡን ውኃ በኖራው ላይ እያማሰሉ ቀስ አድርጎ መገልበጥ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ መዳቡ ብረትን ይበላልና። የተወለወለ ምስማር ጥቂት ጊዜ ነክረው ቢያወጡት ቀይ የመዳብ መልክ ከያዘ ኖራው አንሷል፤ ይጨመርበት፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥላል። በጨርቅ አጥልሎ በዚያው ቀን መርጨት ነው፤ ካደረ ኃይሉ ይቀንሳል። በፋብሪካ የተዘጋጀ የመዳብ መድኃኒት የገዛ ሰው ግን በመያዣው ላይ የተጻፈውን ልክ ይጠብቅ።

ጊዜው ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት፥ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መባቻ ነው፤ በሽታው ከጸናም በክረምቱ መካከል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ልዩነት ይደገማል። የሚረጨውም በቅጠሉ ሆድ ነው። ይህ መድኃኒት በር ጠባቂ እንጂ አሳዳጅ አይደለም፤ የበሽታውን ዘር በደጅ ይገድላል፥ ከገባ በኋላ ግን አያወጣውም። ስለዚህ በነሐሴ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የሚረጭ ሰው፥ ሌባ ከሄደ በኋላ በር እንደሚዘጋ ነው።

ጥንቃቄውንም አደራ እላለሁ። የመዳቡ ጨው ዐይንን ክፉኛ ይጎዳልና፥ የሚበጠብጥና የሚረጭ ሰው መነጽር፥ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ። በጠላ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ልጆች በማይደርሱበት ተቈልፎ ይኑር። የመርጫው እጣቢ ወደ ጕማራና ወደ ገባሮቹ አይፈስስ፤ ዓሣን ይገድላል፥ ውኃውም ጣና ይገባል። አበባ በፈነዳበትና ንብ በምትሠራበት ሰዓት አይረጭ። ጌሾ ላይ አይረጭ፤ የጌሾ ቅጠል በጠላውና በጠጁ ሆኖ ወደ አፍ የሚገባ ነውና፥ ለእርሱ የታመመውን ቅጠል መልቀምና ማሳሳት ይበቃዋል። በየዓመቱ ያለ ልክ መርጨትም አይገባም፤ መዳብ በአፈር ውስጥ እየተከማቸ ለአፈሩ ሕይወት የሚሰጡትን ትሎች ይጎዳል።

ምልክቱን አይቶ መለየት ያቃተው ሰው፥ ከታመመው ቅጠል አምስት ስድስት፥ ከደኅነኛውም ሁለት ቆርጦ፥ በጋዜጣ ወረቀት መካከል አድርጎ፥ ቀኑንና የዛፉን ዓይነት ጽፎ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳይ። በፕላስቲክ ከረጢት ታፍኖ የቆየ ቅጠል ይሻግታል፤ የሻገተ ምስክርም ቃሉ አይታመንም።

እንግዲህ የተከበሩ ወይዘሮ፥ ለጥያቄዎ መልስ እነሆ። ቅጠሉን ይገልብጡት። ብርቱካንማ ዱቄት ካገኙበት የቡናዎ በሽታ ዋግ ነው፤ ሎሚውም ጥላሸቱ በጨርቅ ከለቀቀ ተባይ ነው። በደለኛው በመጥሪያ የሚቀርብ፥ በመሐላም የሚያምን አይደለም። ዛፉንም አይቁረጡ፤ ቡና ክፉኛ ቢጎዳ እንኳ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቢጐነደል እንደ ገና ያቈጠቁጣል፤ በሁለትና በሦስት ዓመትም ፍሬ ይሰጣል። የእናትዎን መታሰቢያ በአንድ ቀን መጥረቢያ ከማጥፋት ሁለት ዓመት መታገሥ ይሻላል።

ስለ ጎረቤትዎ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። የዋግ ዱቄት አጥር አያውቅም። የእርስዎ ቡና ከታመመ በአጥሩ ማዶ ያለው ቡናም ወይ ታሟል ወይ ሊታመም ነው። እርስዎ ብቻ ቢያጸዱ ከርሱ ይመለስብዎታል፤ እርሱ ብቻ ቢያጸዳ ከእርስዎ ይሄድበታል። ስለዚህ ተከሳሽ ሊያደርጉት ያሰቡት ሰው፥ ለዚህ ሥራ የግድ የሚያስፈልግዎ ረዳት ነው። በዕረፍት ቀን ቡና አፍልተው ይጥሩት፤ ቅጠሉን ገልብጠው ያሳዩት፤ የእርሱንም ሄደው ይዩለት። ከዚያ በኋላ ቅጠል የሚለቀምበትን ቀን በአንድነት ይወስኑ፤ መርጫም ካስፈለገ አንድ ገዝቶ ለሁለት ቤት መጠቀም ይቻላል።

በዐይንና በመተት ስም ስንት ጎረቤት እንደ ተለያየ፥ ስንት ቤተ ሰብ በሠፈሩ እንደ ተገለለ፥ በመዝገብ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ያውቃል። አንድ ጊዜ በአደባባይ የተነገረ ስም ማጥፋት እንደ ዋግ ዱቄት ነው፤ በነፋስ ከሄደ በኋላ የሚሰበስበው የለም። ቅጠል ግን በሚቀጥለው ዓመት ይበቅላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን እሳቱ ሳይበረታ አጥፉት ሲሉ ነው፤ ይህም ለዛፉም ለጉርብትናውም ይሠራል።